የዓይን ማያስቴኒያ እና የአዲስ መድኃኒት ሙከራ፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዓይን ክፍል ነርስነት ስሠራ ኮሪደር ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ቤት ድረስ የሚከተሉኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚያከራክረው እሄዳለሁ።

የዓይን ማያስቴኒያ ምን ዓይነት ሕመም ነው?

ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው በመልእክተኛ ነው። ከነርቩ ጫፍ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣል፣ ጡንቻው ላይ ያሉ ተቀባዮች ይይዙታል፣ ጡንቻውም ይኮማተራል። ማያስቴኒያ ግራቪስ በሚባለው ሕመም ሰውነት ተሕዋስያንን ለመከላከል የሚያመርተው አንቲቦዲ መንገድ ስቶ እነዚህን ተቀባዮች ያጠቃል። መልእክቱ ይላካል፤ የሚቀበለው ግን ጎድሏል።

ሕመሙ በዓይን ጡንቻዎች ብቻ ሲወሰን የዓይን ማያስቴኒያ ይባላል። የሚያሳየውም ሁለት ነገር ነው፦ የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። «ልታወር ነው ወይ?» እያሉ የሚመጡ ብዙ ናቸው። አይታወሩም። የሚያየው የዓይን ክፍል ጤነኛ ነው፤ የደከመው ዓይንን የሚያንቀሳቅሰውና ቆቡን የሚያነሳው ጡንቻ ነው። አንዱን ዓይን በእጅ ሲሸፍኑ ሁለት የነበረው መንገድ አንድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። (እንዲህ አንድ ዓይኑን እየጨፈነ ባጃጅ ሲነዳ የከረመ ወጣት አጋጥሞኛል። እባካችሁ አታድርጉት።)

ጠዋት ደህና ሆኜ ማታ የሚብስብኝ ለምንድን ነው? ምች አይሆንም?

ምች ነው ተብሎ ዳማ ከሴ ሲታሽ ከርሞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ አልቀየምም፣ እኔም ያደግሁት በዳማ ከሴ ነው። ነገር ግን የማያስቴኒያ መለያው መዛል ነው። ጡንቻው ሲያርፍ ይበረታል፣ ሲሠራ ይደክማል፣ እንደገና ሲያርፍ ይመለሳል። ሌሊቱን ያረፈ ቆብ ጠዋት ይነሳል፣ ሲመሽ ይወድቃል። ሙቀት ያብስበታል፣ ቅዝቃዜ ያሻሽለዋል።

አንዲት እናት ሕመማቸው እንዴት እንደጀመራቸው ሲነግሩኝ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብለው ያዩ ነበር። እነዚያ ዓይናቸው ፍጥጥ ያለ መላእክት መጀመሪያ ጥንድ ጥንድ ሆኑባቸው፤ ቀጥሎ ቆባቸው እንደ መጋረጃ ወረደ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ተመለሰ። ተቆጥተውኝ ነው ብለው ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። እኔ ግን ሳዳምጣቸው ሐኪም በሰዓት ይዞ የሚሠራውን ምርመራ ሳያውቁት ጣሪያው ሥር ሠርተውታል አልኩ።

ሐኪም በምን ያውቀዋል?

የመጀመሪያው ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀና ብለው አንድ ቦታ ላይ እንዲያተኩሩ ይነገርዎታል፤ ሰዓት ይያዛል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆቡ ካልወረደ ደህና ነው። ከ11 እስከ 60 ሰከንድ ባለው ውስጥ ከወረደ ቀላል፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ ከወረደ መካከለኛ ይባላል፤ ገና ሳይጀመር የወደቀው ከባዱ ነው።

ሁለተኛው የበረዶ ምርመራ ነው። በረዶ ጓንት ውስጥ ይጨመራል፣ በጎዝ ይጠቀለላል፣ በተዘጋው ዓይን ላይ ለ2 ደቂቃ ይያዛል። ከዚያ በፊት በላይኛውና በታችኛው ቆብ መካከል ያለው ክፍተት በማስመሪያ ተለክቷል፤ ከበረዶው በኋላ ወዲያው እንደገና ይለካል። 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከተከፈተ ማያስቴኒያ መሆኑ ይገመታል። ስንት ጊዜ ባየውም ይገርመኛል፦ የታካሚው ልጅ አጠገቡ ቆሞ «እናቴ ዓይኗ ተከፈተ!» ብሎ ይጮሃል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቆቡ ይመለሳል፣ የልጁም ፊት አብሮ ይወርዳል።

ከዚያ ወዲያ የደም ምርመራ፣ የጡንቻና የነርቭ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ የደረት ሲቲ ስካን አለ። የደም ምርመራው ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ሕመሙ መላ ሰውነት ላይ ካለባቸው ሰዎች 85 በመቶ ያህሉ ላይ አንቲቦዲው ይገኛል፤ ዓይን ብቻ ከታመመባቸው ግን ግማሽ ያህሉ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ «ደሜ ነጻ ነው ተባልኩ» ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ሲቲ ስካኑ የሚፈለገው ከደረት አጥንት ኋላ ያለው ታይመስ የሚባል ዕጢ ላይ እባጭ መኖር አለመኖሩን ለማየት ነው።

ትራኮማ ወይም እንቅርት ያመጣው ይሆን?

በትራኮማ ጠባሳ የከበደ ቆብ ጠዋትም ማታም ያው ነው፤ ፀጉር ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ይቆረቁራል። ማያስቴኒያ አይቆረቁርም፣ አያምም፣ አይቀላም። ከታይሮይድ (እንቅርት የሚወጣበት የአንገት ዕጢ) ጋር የሚመጣው የዓይን ሕመም ደግሞ በአብዛኛው ተቃራኒውን ያሳያል፦ ዓይን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ቆቡ ወደ ላይ ይሸሻል። ሁለቱ ግን አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ ሐኪሙ የታይሮይድ ምርመራ ቢያዝልዎ አይገረሙ።

ወደ ሌላ አካል ይዛመታል?

ዓይን ላይ ከጀመረባቸው ሰዎች በግምት ግማሽ ያህሉ ላይ ይዛመታል፤ ከሚዛመትባቸውም አብዛኞቹ ላይ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። ሰዎችን የምጠይቀው በፈተና ቋንቋ አይደለም። ቆሎ ሲበሉ መሃል ላይ መንጋጋዎ ይዝላል? ደብተራ ወይም ዲያቆን ከሆኑ ማኅሌቱ ሲረዝም ድምፅዎ በአፍንጫ መውጣት ይጀምራል? ውሃ ሲጠጡ ትን ይልዎታል? ልብስ ሲያሰጡ ክንድዎ ይወርዳል?

ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮዎን አይጠብቁ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ከዚህ ሕመም የሚያሰጋው የትንፋሽ ጡንቻ ሲዝል ነው።

መድኃኒት አለ አይደል? ታዲያ አዲስ ለምን አስፈለገ?

አለ። ፓይሪዶስቲግሚን የተባለው እንክብል ያለውን አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል። ለሰዓታት ይረዳል፤ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል፤ ለቆብ ሲጠቅም ለሁለት እይታው ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከሱ ቀጥሎ ፕሬድኒሶሎን አለ። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ነገር ግን ለወራት ሲወሰድ ስኳርና ደም ግፊት ያነሳል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ተደብቆ የኖረ ቲቢ ይቀሰቅሳል። እኛ አገር ቲቢ ቀልድ አይደለም።

የሚገርመው ግን ለዓይን ማያስቴኒያ የፕሬድኒሶሎን የቅርብ ዘመድ የሆነው ፕሬድኒሶን እንኳ በወጉ የተፈተነው በጣም ጥቂት ሰው ላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው ኤፒቶም የተባለ ሙከራ በዕጣ መድቦ ማጥናት የቻለው 11 ሰዎችን ብቻ ነው። 6ቱ ፕሬድኒሶን፣ 5ቱ ባዶ መድኃኒት (መድኃኒት የሚመስል፣ ግን የሚሠራ ነገር የሌለበት) ወሰዱ። ፕሬድኒሶን ከወሰዱት 5ቱ ተሻላቸው፣ ባዶ ከወሰዱት አንድም አልተሻለውም። ጥሩ ውጤት ነው፤ ግን በ11 ሰው! ብዙ ተሳታፊ ታስቦ የሚገባ ሰው ጠፍቶ ነው የተቋረጠው። በየክሊኒኩ በልምድ የሚታዘዝ መድኃኒት ማስረጃው ይህን ያህል ቀጭን ነው።

አዲሱ መድኃኒት ምንድን ነው? እንዴት ይሠራል?

ከአዲሶቹ አንዱና ዓይን ማያስቴኒያ ላይም መፈተን የጀመረው ኤፍጋርቲጊሞድ ይባላል። ተሳስቶ የሚያጠቃው አንቲቦዲ አይጂጂ ከሚባለው ወገን ነው። አይጂጂ ደም ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ሌሎች ፕሮቲኖች ተሰባብረው ሲያልቁ እሱን የሚያድነው ሌላ ተቀባይ (ከጡንቻው ተቀባይ የተለየ) አለና። ይህ ተቀባይ አይጂጂን ከመፍረስ አንሥቶ ወደ ደም ይመልሰዋል። ኤፍጋርቲጊሞድ ቦታውን ቀድሞ ይይዛል፤ አይጂጂው መመለሻ አጥቶ ይፈርሳል። መጠኑ 60 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ መጥፎው ከጥሩው ጋር አብሮ ማለት ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ፈውስ አይደለም፤ በየዙሩ የሚደገም ሕክምና ነው።

አዳፕት የተባለው ሙከራ 167 ሰዎችን በ15 አገሮች አሳትፎ መላ ሰውነት ላይ ለተዛመተው ማያስቴኒያ ፈትኖታል። አንቲቦዲው ከተገኘባቸው ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 68 በመቶ፣ ባዶውን ከወሰዱት 30 በመቶ በተቀመጠው መለኪያ ተሻላቸው። በዚህ መሠረት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ፈቀደው፤ ከቆዳ ሥር የሚወጋው ዓይነት ደግሞ በ2023 ተፈቀደ። ያቺን 30 በመቶ አይርሷት፤ እመለስባታለሁ።

ለተዛመተው ከሠራ ለዓይኑም ይሠራል ማለት አይደለም? ለምን ሌላ ሙከራ?

ምክንያቱ መለኪያው ውስጥ ተቀብሯል። በአዳፕት የተሠራበት መመዘኛ 8 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ 24 ነው። ስለ መናገር፣ ስለ ማኘክ፣ ስለ መዋጥ፣ ስለ መተንፈስ፣ ጥርስ ስለ መቦረሽና ፀጉር ስለ ማበጠር፣ ከወንበር ስለ መነሣት ይጠይቃል። ስለ ዓይን የሚጠይቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ቆቡ ሙሉ በሙሉ የወደቀና ቀኑን ሙሉ ሁለት የሚያይ ሰው ቢበዛ 6 ያገኛል። ለመግባት ደግሞ ቢያንስ 5 ነጥብ ይፈለግ ነበር፤ ከግማሹም በላይ ከዓይን ውጭ የመጣ መሆን ነበረበት። ዓይን ብቻ የታመመበት ሰው ከበሩ ተመለሰ።

ሕመሙ «ቀላል» ተብሎ ሲታለፍ ኖሯል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ሁለት ቀዳዳ ለሚያይ ልብስ ሰፊ፣ ደረጃ ሲወርድ የትኛውን እንደሚረግጥ ለማያውቅ ሰው ቀላል የሚለው ቃል ምን ይጠቅመዋል? እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ዓይን ብቻ የታመመባቸውን ሰዎች የያዘ የዚሁ መድኃኒት ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ መጀመሩ ትልቅ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው። እዚያ ዋናው መለኪያ ታካሚው ራሱ ስለ ዓይኑ የሚሰጠው መልስ ነው፤ ቆቡ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ስንት ጊዜ ሁለት እንደሚያይ።

እኛን መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይጠየቃል። ጎንደር የዚህ መድኃኒት ሙከራ ጣቢያ አይደለችም። ነገር ግን ጎንደር ለሕክምና ሙከራ አዲስ አይደለችም። በመተማና በሑመራ ሰሊጥ እርሻ ላይ ካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ገዳይ ሕመም) ይዟቸው የሚመጡ የቀን ሠራተኞችን የሚያክመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ለዓመታት ሙከራ ሲያካሂድ ቆይቷል። ካላ አዛርና ኤች አይ ቪ አንድ ላይ ለያዛቸው ሰዎች ጎንደርና አብደራፊ ላይ በ58 ታካሚዎች የተደረገው ሙከራ አምቢዞምና ሚልቴፎሲን የተባሉት መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሰጡ የተሻለ መሆኑን አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያውን የቀየረው ይህን ጭምር ይዞ ነው። ከዚህ ከተማ የተነሣ ውጤት ማለት ነው።

አንድ ሙከራ እዚህ ይካሄድ ቢባል የተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ብሔራዊው ገምጋሚና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይፈቅዱ አይጀመርም። ከዚያም በፊት መድኃኒቱ በትንሽ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ በጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ፣ ለደኅንነቱ ተፈትሿል፤ ቀጥሎ በጥቂት ታማሚዎች ላይ። ሦስተኛ ደረጃ የሚባለው ብዙ ሰው ላይ ከሌላ ጋር የሚነጻጸርበት ነው። ጥርጣሬ ግን ጥፋት አይደለም። ጥያቄ የሚያበዛ ተሳታፊ ያልገባውን ከሚፈርም ይሻለኛል።

ለታመመ ሰው ባዶ መድኃኒት መስጠት ማታለል አይደለም?

ከሁሉም በላይ የሚያከራክረኝ ይህ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ማያስቴኒያ በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ዛሬ የወደቀ ቆብ የሚቀጥለው ሳምንት ምንም ሳይደረግለት ሊነሳ ይችላል። ሰው ደግሞ ወደ ሕክምና የሚመጣው ሲብስበት ነው፤ ስለዚህ ከመጣበት ቀን በኋላ ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ከመጣበት ቀን ይሻላል። በዚያ ሳምንት የተሰጠው ነገር ሁሉ፣ እንክብል ይሁን ሥራ ሥር፣ ምስጋናውን ይወስዳል። እኔም ራሴ ተታልያለሁ፦ አንድ ታካሚ ያዘዝንለትን ሳይገዛ ቀርቶ በቀጠሮው «በጣም ተሻለኝ» ብሎ መጣ፤ መድኃኒቱ ሠራ ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ ካነሳሁ በኋላ ነው አለመግዛቱን የነገረኝ።

አሁን ወደ 30 በመቶዋ እንመለስ። በአዳፕት ባዶውን ከወሰዱት 64 ሰዎች 19ኙ ተሻላቸው። ንጽጽር ባይኖር ኖሮ እነዚህን 19 ሰዎች ያዳነ «መድኃኒት» ተብሎ ውሃ በተሸጠ ነበር። አዲሱ መድኃኒት ይሠራል ያስባለው 68 በመቶው ብቻውን ሳይሆን ከ30 ያለው ርቀት ነው።

ማታለል የሚሆነው ሳይነገርዎት ሲደረግ ነው። ቅጹ ላይ ባዶ መድኃኒት ሊደርስዎት እንደሚችል በግልጽ ይጻፋል። በአዳፕት ሰዎቹ ይወስዱት የነበረውን መደበኛ መድኃኒት አላቋረጡም፤ ባዶው የተጨመረው በዚያ ላይ ነው። ሕመሙ የሚገድል ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይለያል። ከላይ ባነሳሁት የካላ አዛር ሙከራ ማንም ባዶ አልተሰጠውም፤ የተነጻጸሩት ሁለት እውነተኛ ሕክምናዎች ነበሩ።

ዕጣውን ማን ያወጣል? ሐኪሙ ለዘመዱ እውነተኛውን አይሰጥም?

ዕጣው የሚወጣው በኮምፒውተር ነው፤ ብልቃጦቹም ሆኑ ስሪንጆቹ መልካቸው አንድ ነው። የሚወጋዎት ነርስም፣ የሚመረምርዎት ሐኪምም የትኛው እንደደረሰዎት አያውቁም። ይህ የተደረገው በትክክል እርስዎ የጠረጠሩትን ነገር ለመከላከል ነው፤ ዘመድ ባይሆንም ሐኪም ለሚያምንበት መድኃኒት ዓይኑ ያዳላል። ድንገተኛ ነገር ከመጣ የትኛው እንደደረሰዎት የሚገልጸው ምስጢራዊ ኮድ ይከፈታል።

አዲሱ መድኃኒት ምን ጉዳት አለው?

የሚከላከለው አይጂጂ ጭምር ስለሚቀንስ ዋናው ስጋት ኢንፌክሽን ነው፤ የመተንፈሻ አካልና የሽንት ቧንቧ። ራስ ምታትም ይታያል። መድኃኒቱ ላይ እያሉ ሕያው ተሕዋስያን ያለበት ክትባት አይሰጥም። ለማያስቴኒያ ከወጡት ሌሎች አዲስ መድኃኒቶች ውስጥ ኮምፕሊመንት የሚባለውን የመከላከያ ክፍል የሚዘጉት ደግሞ ለማጅራት ገትር ስለሚያጋልጡ አስቀድሞ መከተብ ግድ ነው። ኢትዮጵያ በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናትና ለእኛ ይህ የወረቀት ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም።

ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ ቀድመው ይመረመራሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በአብዛኛው አትገባም።

ማንበብ አልችልም። ምን ላይ እንደፈረምኩ በምን አውቃለሁ?

ቅጹ በሚገባዎት ቋንቋ ይነበብልዎታል፤ ከሙከራው ጋር ጉዳይ የሌለው ምስክር አጠገብዎ ይቀመጣል፤ አውራ ጣትዎን የሚያደርጉት ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቱን ቤት ወስደው ልጅዎን ወይም የሚያምኑትን ሰው እንዲያነብልዎ ይጠይቁ። «አሁኑኑ ይፈርሙ፣ ቦታው ሊሞላ ነው» ያለዎት ሰው ካለ አይፈርሙ።

ሦስት ነገር በቃል ይጠይቁ፦ ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያክመኛል? ትራንስፖርቴን ማን ይከፍላል? ከገጠር ስመጣ ማደሪያስ? የመጀመሪያው መልስ ቅጹ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት።

መሃል ላይ ልተው እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ምክንያት መስጠትም የለብዎትም፤ ከዚያ በኋላ የሚያገኙት መደበኛ ሕክምና አይጎድልም። ዝም ብለው ከመጥፋት ግን ቢነግሩ ይሻላል፤ ኤፒቶምን ያደከመው የሰው ማነስ ነበር።

ጠበል ልጠመቅ ብዬ መድኃኒቴን ላቁም? ጾሙስ?

ጠበሉን ማንም አይከለክልዎትም። መድኃኒቱን አያቁሙ። ለወራት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በአንድ ጊዜ ሲቆም ሰውነት የራሱን ማምረት ስለረሳ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ብዙ ካህናት ይህን ያውቃሉ፤ ከጠበሉ ጎን መድኃኒትህን ውሰድ ብለው የሚመክሩ አባቶች አሉ። ሱባኤ ከመግባትዎ በፊት የሚበቃዎትን እንክብል ይዘው ይግቡ።

ጾም ላይ ችግሩ ፓይሪዶስቲግሚን ነው፤ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ሆድ ይቆርጣል። ሕመምተኛ የሚጾመውን ልክ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ሙስሊም ወገኖቼም ረመዳን ሳይገባ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ። ቅዝቃዜ ቆብ ያነሳል ብያለሁና አንድ ነገር ልጨምር፦ ሌሊት የተረጨ የጥምቀት ውሃ ለትንሽ ደቂቃ ዓይን ቢከፍት አልደነቅም። እምነትዎን ልነካ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ሲወድቅ ተስፋ እንዳይቆርጡ ነው።

የትራኮማ ዘመቻ ሲመጣ የሚታደለውን ልዋጥ? የወባና የታይፎይዱንስ?

አማራ ክልል ውስጥ በየሰፈሩ ቁመት በእንጨት እየተለካ የሚታደለው ዚትሮማክስ፣ ማለትም አዚትሮማይሲን፣ ማያስቴኒያን ሊያባብስ ይችላል። አዳዩ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ደግሞም የሚመጣው በችኮላ ነው። ማያስቴኒያ እንዳለብዎ ይንገሩትና ከሐኪምዎ ጋር ሳይነጋገሩ አይዋጡት። ዘመቻውን ግን ጎረቤትዎ እንዲሸሸው አያድርጉ፤ ለሌላው ሰው ዓይን አድን ነው።

ያለ ማዘዣ ለታይፎይድ እየተባለ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን ከዚህ የባሰ ነው። ጄንታማይሲን፣ ለወባ የሚሰጡት ክሎሮኪንና ኪኒን፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ፣ ለግላኮማ ዓይን ውስጥ ጠብ የሚደረገው ቲሞሎል ሳይቀር ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ለአዋላጇ ቀድመው ይንገሩ፤ በእርግዝና ደም ግፊት ጊዜ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ትንፋሽ ሊያዘጋ ይችላል። ወባ ይዞኝ ልሙት ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ አውቆ ይመርጣል፣ ይከታተላል። የሕመሙን ስም በወረቀት አስጽፈው መታወቂያዎ ውስጥ ያስቀምጡት፤ «ማ ምናምን የሚባል» ብሎ ለድንገተኛ ክፍል ሐኪም ማስረዳት አይቻልም።

ሙከራው ሲያልቅ መድኃኒቱ ይቀጥልልኛል?

ከሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ኤፍጋርቲጊሞድ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ሰው በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ ይፈጃል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚሸፈን ነገር አይደለም። በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ተሳታፊዎች በኋላ የጠቀማቸውን የሚያገኙበት መንገድ እንዲታሰብ ይጠይቃል፤ መጠየቁና መሆኑ ግን ለየቅል ናቸው። እኔ ተሳታፊ ብሆን ሌላውን ሁሉ ትቼ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለስንት ወር? በማን ወጪ? መልሱ «እናያለን» ከሆነ ምንም የለም ብዬ ቆጥሬ ነው የምወስነው።

እስከዚያው ጎንደር ሆኜ ምን ላድርግ?

ስልክዎን ይጠቀሙ። ለሁለት ሳምንት ጠዋት እንደተነሱና ማታ ከመተኛትዎ በፊት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መብራት፣ ፊት ለፊት እያዩ ፎቶ ይነሱ። የድሮ ፎቶም ያምጡ፤ የሠርግ ቢሆን፣ የቀበሌ መታወቂያ ቢሆን። ባለፈው ወር አንድ አባት ከአዘዞ ከ12 ዓመት በፊት የወጣ መታወቂያቸውን አመጡ፤ አጉልተን ስናየው ግራ ቆባቸው ያኔም ወረድ ብሎ ነበር። «ፎቶ አንሺው አጥፍቶ ነው ብዬ ነበር እኮ» አሉና ሳቁ።